ዕጣ የሌላት እጅ

«ሴቶችስ?» አለች ሲቲ።

መምህር ታረቀኝ ጠመኔውን እንደያዘ ከሰሌዳው ዞረ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ይኸው ደግሞ ጀመራት!» ብሎ አጉረመረመ።

«ሴቶች ምን?»

«አቴና ላይ ሕዝቡ ኮረብታ ወጥቶ እጁን እያወጣ ሕግ ያጸድቃል አሉን። ሹሙንም በዕጣ ያወጣል አሉን። የሴቶቹ ዕጣስ ይገባል?»

«አይገባም» አለ መምህሩ። «ሴት አትቆጠርም ነበር። ባሪያም አይቆጠር። ከሌላ አገር የመጣም አይቆጠር።»

«ታዲያ ሕዝብ የሚሉት ማንን ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ግን አይመጣም።»

ክፍሉ ሳቀ። ሲቲ አልሳቀችም።

ጊዜው ሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ነበር። የቆቦ ሙቀት የክፍሉን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። «ዴሞክራሲ» የምትለው ቃል ለስምንተኛ ክፍል ልጆች እንግዳ አይደለችም። በመስከረም ለአገሪቱ አዲስ ስም ሲወጣላት ቃሏ ከስሙ ውስጥ ገብታለች። ሬዲዮ ጧት ማታ ይጠራታል። በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይም በቀይ ቀለም ተጽፋለች። ከየት እንደመጣች ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ግሪኮች «ዴሞስ» የሚሉት ሕዝብን፣ «ክራቶስ» የሚሉት ኃይልን መሆኑን የሰሙት ገና ዛሬ ነው።

መምህሩ ወደ በሩ ሄዶ ገርበብ አደረገው።

«መጽሐፉ የባሪያ አሳዳሪ ሥርዓት ነው ይላል። እውነት ነው። እሱን ጻፉ፣ ነጥብ የሚያሰጣችሁ እሱ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ይህንንም ስሙ። እነዚያ ሰዎች አንድ ነገር ይፈሩ ነበር። ሥልጣን የሚወድ ሰው ሥልጣን ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ነጭና ጥቁር ባቄላ ይደባልቃሉ። ነጭ የወጣለት ለአንድ ዓመት ይሾማል። ዓመቱ ሲያልቅ ይወርድና ምን ሠራህ ተብሎ ይጠየቃል። ባቄላ ፊት አያይም። የማን ልጅ ነህ አይልም።»

ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ወንበሮቹ ተጠጋ።

«ሁለት ሺህ ዓመት ቆይቶ ሌሎች አገሮች ይህን አነበቡ። ዕጣውን ብዙዎቹ ተዉት፣ ድምፅ መስጠትን ያዙ። ሹም በጊዜው ይውረድ፣ ሹምም ተራ ሰውም በአንድ ሕግ ይዳኝ የሚለውን ወሰዱ። ዛሬም በአንዳንድ አገር ‹ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም› ብሎ የሚፈርደው ከዳኛ ጎን የተቀመጠ ገበሬና ልብስ ሰፊ ነው። በዕጣ የወጣ።» ሲቲን አየት አደረጋት። «ሴቶቹ እስኪቆጠሩ ግን ብዙ ጠበቁ።»

«በእኛስ አገር?» አለ ሙሉጌታ ከመካከል ወንበር።

መምህሩ ሄዶ በሩን መልሶ ከፈተው።

«ወደ ሮም እንሂድ» አለ።

*

ሲቲና ሙሉጌታ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። መንደራቸው ከቆቦ ወደ ምሥራቅ ሜዳውን አቋርጦ ነው። ሙሉጌታ ትምህርት የገባው ዘግይቶ ስለሆነ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። አባቱ ጓድ ካሳው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። በዚህ ምክንያት ልጆች ሙሉጌታ ሲመጣ ወሬ ያቆማሉ። ሲቲ ግን አታቆምም። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ መንገድ ሄደዋል።

«ቲቸርን ላብ በላብ አደረግሽው እኮ» አላት።

«እኔ ምን አልኩ?»

«‹ሕዝብ የሚሉት ማንን ነው› አልሻ! ምስኪን፣ በሩን ሲዘጋ ደብተሬን ሊወስድብኝ መስሎኝ ነበር።»

ሳቁ። መንገዱ ዳር ያለው ማሳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወደ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ፣ ዳመና የሚባል የለም። ሙሉጌታ ከአንድ ግራር ሥር ሲደርስ ሳቁን አቋርጦ ቆመ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ።»

«እ?»

«ለብሔራዊ ውትድርና ከእኛ መንደር አንድ ሰው ጎድሏል። ቅዳሜ መኪና ይመጣል።»

ይህን ሲቲም ታውቃለች። ባለፈው አፈሳ ሁለት ልጆች ተይዘው ነበር። ሁለቱም ቆቦ ሳይደርሱ አምልጠው ወደ አፋር በረሃ ገቡ። አንደኛው እናቱን ሲያስሩበት ተመልሶ እጁን ሰጠ። ሌላኛው ግን እናትም አባትም የለውም። ማንን ይሰሩበት? እሱ እንደወጣ ቀረ።

«ትናንት አባቴ ከታጣቂዎቹ ጋር ሲመክር ሰማሁ» አለ ሙሉጌታ። «እንድሪስን ነው ያሉት።»

ሲቲ ደብተሯን ጨምድዳ ያዘች።

«ለምን እንድሪስን?»

ሙሉጌታ መሬት መሬት አየ።

«አባት የሌለው ልጅ ሲወሰድ የሚጮህለት የለም አለ።»

*

እንድሪስ የሲቲ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲሞት ሞፈሩን ያነሳው እሱ ነበር። እናታቸው ሀጀራ ከዚያ ዓመት ወዲህ ደረቷን ያማታል። ጥቂት ከሠራች ትቀመጣለች። ቤቱ የቆመው በእንድሪስ ጀርባ ነው።

ሲቲ ስትደርስ እንድሪስ የጎርፍ መጥለፊያውን ቦይ ደለል እየጠረገ ነበር። ቆላው ራሱ ዝናብ ባይጥልለትም ደጋው ላይ ከጣለ ጎርፍ ወርዶ በየቦዩ እየተጠለፈ ወደ ማሳ ይገባል። የዚያ አገር ማሽላ የሚበቅለው በሰው ሰማይ ዝናብ ነው።

«እንድሬ፣ ሽሽ» አለችው።

የሰማችውን ነገረችው። ዶማውን ተደግፎ ሰማት። ፊቱ ምንም አልተለወጠም። ይህን ሲጠብቅ የከረመ ይመስላል።

«እሸሽና እማዬን ይሰሯታ! በዚያ ደረቷ እስር ቤት ስንት ቀን ትቆያለች?»

«ታዲያ ዝም ብለህ ልትሄድ ነው?»

«አንቺ የተማርሽው ንገሪኛ።»

ሊያሾፍባት ነበር። እሷ ግን ነገረችው። ስለ ኮረብታው፣ ስለ ባቄላው፣ ባቄላ ፊት እንደማያይ። እንድሪስ ጢም ያላበቀለውን አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«እነዚህ ግሪኮች እስላም ናቸው ክርስቲያን?»

«ያኔ ሁለቱም አልነበረም።»

«ኧረግ! ታዲያ በምን ይምሉ ነበር?»

«እኔ እንጃ። እንድሬ፣ ቀልዱን ተው። ለጎርፉ እኛም ተራ የምናወጣው በዕጣ አይደል? አባ ሸረፈዲን የሀብታም ማሳ ነው ብለው ያስቀድማሉ?»

«ወላሂ አያስቀድሙም።»

«የሊቀመንበሩስ ማሳ?»

እንድሪስ ዶማውን ተክሎ ወደ አባ ሸረፈዲን ቤት አቀና።

አባ ሸረፈዲን የውሃ አባት ናቸው። ጎርፍ ሲመጣ የማን ማሳ መጀመሪያ እንደሚጠጣ የሚወሰነው በእሳቸው ጋቢ ላይ ነው። ባለማሳው ሁሉ የየራሱን ምልክት ይጥላል። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የፍየል በጠጥ፣ አንዱ የማሽላ አገዳ ቁራጭ። የጣለ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ አውጪውን በዓይን እንዳይጠቅስ ነው። አውጪው ደግሞ ምልክቱ ሲጣል ያላየ፣ ብዙ ጊዜም መንገደኛ ነው። የእነ እንድሪስ ቤት ምልክት ዛጎል ናት። አባታቸው ከእናቱ የወተት ዕቃ ላይ ፈትቶ ያስቀራት፣ በኪሱ ይዞ ያኖራት፣ ሲሞት ለልጁ ያቀበላት። ሌላው ሰው በየጊዜው ያገኘውን ያነሳል። የእነሱ ቤት ግን ዛጎሏን አይለውጥም። ዕድላችን እሷ ናት ይላሉ።

*

በማግስቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች ካሳውን ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ጠብቀው አስቆሙትና የጎደለው ሰው በዕጣ ይለይ አሉት። ሲቲና ሴቶቹ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ዕጣ?» አለ ካሳው። ሽጉጡ ቀበቶው ላይ ነው። «ለእናት አገር ጥሪ ዕጣ? ቁማር መሰላችሁ?»

«ቁማር አይደለም» አሉ አባ ሸረፈዲን። «ጓድ ካሳው፣ ባለፈው ሁለት ወሰድክ፣ ሁለቱም አመለጡህ። ለምን አመለጡህ? ሰዉ በደል ነው ስላለ። መንገድ ያሳያቸው አለ፣ ስንቅ ያቀበላቸው አለ። በዕጣ ከሆነ ግን እኛ እንምላለን። የወጣበት አይሸሽም። ቢሸሽ የሚደብቀው ቤት የለም።»

ካሳው ቀበቶውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ቆቦ ያሉት አለቆቹ ነገሩን አሳጥረው ነግረውታል፤ ቅዳሜ ሰው ካልመጣ አንተ ትመጣለህ ብለውታል። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ደህና» አለ በመጨረሻ። «ተማሪ ግን አይገባም።»

ከዚያ ሁሉ ሰው ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ ተማሪ አንድ ብቻ ነበር። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ጎረምሳ «ኧረ ባክህ!» ሲል ሌሎቹ ሳቁ፤ ሳቁ ግን የሚያስደስት አልነበረም።

«እንግዲያው መሐላ የለም» አሉ አባ ሸረፈዲን። «ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ይገባል። ያንተም።»

ሙሉጌታ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ነበር።

«እገባለሁ» አለ።

ካሳው በጥፊ እንደተመታ ሰው ልጁን አፍጥጦ አየው።

*

ዕጣው ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሆነ። ወደዚያው ሲሄዱ ሙሉጌታ ሲቲን ወደ ዳር ሳብ አደረጋት። ለጎርፉ ሁልጊዜ የሚጥለው አባቱ ስለሆነ እሱ ጥሎ አያውቅም። ከኪሱ አንድ የለስላሳ ቆርኪ አወጣ።

«ይሄ ይሆናል?»

«ሌላ ሰው ያልጣለው ከሆነ ይሆናል።»

ቆርኪውን በሸሚዙ ጠርጎ ጨበጠው።

«ና፣ እንዳንዘገይ» አለችው።

አባ ሸረፈዲን ጋቢያቸውን ዘረጉ። ጎረምሶቹ በየተራ እየጣሉ ፊታቸውን አዞሩ። ሲቲ ከእናቷ ጋር ከሴቶቹ ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሀጀራ የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረገች።

ጋቢው ተጠቀለለ። አሁን መንገደኛ ያስፈልጋል። መንገዱ ግን ባዶ ነበር። አፈሳ ባለበት አገር ማን ያልፋል? ጠበቁ። አህያም አላለፈ። ካሳው «ታጣቂዬ ያውጣ» ሲል ጎረምሶቹ ባንድ ድምፅ «አይሆንም!» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያውጣ ሲባል ደግሞ የእያንዳንዳቸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ዕጣው ውስጥ አለ።

ካሳው ዓይኑን አንከራተተና ሲቲ ላይ አሳረፈው።

«ይህን ነገር ከትምህርት ቤት ያመጣችው የሀጀራ ልጅ አይደለችም? እሷ ታውጣ።»

«ወንድሟ ውስጥ አለ እኮ!» አለ አንዱ።

«የማናችን የለም? ሴት ናት፣ ዕጣ የላትም። ዕጣ የሌለው አያዳላም። አይደለም እንዴ፣ አባ ሸረፈዲን?»

ሽማግሌው አገጫቸውን በበትራቸው ጫፍ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ሲጣል አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች ሲቲ። እውነቷን ነው።

«ነይ።»

የጋቢው አፍ እንደ ከረጢት ተይዟል። ሲቲ «ቢስሚላህ» ብላ እጇን እስከ ክንዷ ከተተች። ሙቀቱ የሰው ገላ ይመስላል። ጠጠር ነካች። አገዳ ነካች። የደረቀ ፍሬ ነካች። ሁሉም ለእጇ ስም የሌላቸው ናቸው። ከዚያ ለስላሳ ጀርባ፣ ከሥሩ ስንጥቅ፣ ስንጥቁ ዳር እንደ ሕፃን ጥርስ ጥቃቅን።

ዛጎሏን ሕፃን ሆና በአፏ ሳይቀር ይዛት ታውቃለች።

ጣቷን ቶሎ አሸሸች። ሲሸሽ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ቆርቆሮ ነው። ክብ፣ ዳሩ የተጨማደደ። ቆርኪው።

ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ካሳው ቆሟል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ቆርኪውን ብታወጣ ማን ያውቃል? ማንም። ሰዉ አላህ ፈረደ ይላል። ሴቶቹ እልል ባይሉም በሆዳቸው እልል ይላሉ። አባት የሌለው ልጅ የሚጮህለት የለም ያለ ሰው ራሱ ይጮሃል። እንድሪስ ነገ ቦዩን ይጠርጋል። እናቷ ዛሬ ትተኛለች።

ጣቷ ቆርኪው ላይ ቆየ።

ሙሉጌታ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ተጣብቋል። ከግራሩ ሥር ቆሞ «ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ» ያላት ይህ ጀርባ ነው። ቆርኪውን ብትተው ደግሞ፣ ዛጎሏንም ብትተው፣ ጠጠር ብታነሳስ? ያ ጠጠር የማን ነው? እሱም የሆነ ሰው ልጅ ነው። ዛጎሏን አልፋ የምታነሳው ሁሉ፣ እሷ የመረጠችው ሰው ነው። ያኔ በእሷና በካሳው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እሱ የሚመርጠው በዓይኑ፣ እሷ በጣቷ።

እጇን አወጣች። ባዶ ነበር።

«ምነው?» አሉ አባ ሸረፈዲን።

«እጄ ያውቃል» አለች ሲቲ። «ዓይኔ አላየም። እጄ ግን አወቀ።»

«የማንን?» አለ ካሳው።

«የወንድሜን። የሌላም ሰው አውቄያለሁ።»

«የማንን ነው የምልሽ!»

«አልናገርም።»

ሰዉ ተንጫጫ። ሀጀራ ከሴቶቹ መካከል «ሲቲ!» ብላ ጮኸች። እንድሪስ ዞሮ አየት አደረጋት። ምን እንዳደረገች የገባው በዚያች ቅጽበት ነው።

አባ ሸረፈዲን ሰዉን በበትራቸው ጸጥ አሰኙ።

«እና ምን ይሁን ትያለሽ፣ ልጄ?»

«እጅ የማያውቀው ይሁን። ማሽላ። ሁሉም ነጭ፣ አንዱ ብቻ ቀይ። ለጣት እኩል ነው። ማሰሮ ውስጥ ይሁንና እያንዳንዱ በራሱ እጅ ያውጣ። እኔም አልንካው፣ ማንም አይንካው።»

ካሳው ሊናገር ሲል ሽማግሌው ቀደሙት።

«ይህችን ልጅ አንተ ነህ የመረጥካት» አሉት።

ማሽላው ከአንድ ቤት ከዘር ላይ ተዘግኖ መጣ። ዕጣ በገባው ጎረምሳ ልክ ተቆጥሮ ገባ፣ ከመካከሉ አንዷ ቀይ። አባ ሸረፈዲን ማሰሮውን ነቀነቁት። ደረቅ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ሰጠ።

የመጀመሪያው ልጅ እጁን ከትቶ አወጣና ጨብጦ ቆመ፤ መዳፉን መክፈት አቃተው። ወንድሙ ጣቱን አንድ በአንድ ፈታለት። ነጭ። ልጁ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ሁለተኛው ነጭ። ከዚያም ነጭ። ሙሉጌታ ሲደርስ ካሳው ባርኔጣውን አውልቆ ነበር፤ ማውለቁን ያወቀ አይመስልም። ነጭ። ካሳው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ።

እንድሪስ መጣ። «ቢስሚላህ» አለ። እጁን ሲያወጣ ለራሱ ብቻ ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ጨበጠ። ከዚያ መዳፉን ለአባ ሸረፈዲን ዘረጋ።

«በቃ፣ ሌላው አይቸገር» አለ። «ቀይ ነው።»

*

በማግስቱ መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ ቆሞ ከዋጃም ከሮቢትም የመጡ ልጆች ተጭነውበታል። ሀጀራ ልጇን አቅፋ አልለቀቀችም ነበር። ታጣቂው ሲያላቅቃት መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ሲቲ ስንቁን ይዛ ወደ ወንድሟ ቀረበች። የተቆላ ማሽላ ነበር፣ የቤቱ መጨረሻ።

«ዛጎሏን አውቀሻት ነበር፣ አይደል?» አላት።

«አዎ።»

«ቆርኪውንም?»

ቀና አለች። ለካ እሱም ሙሉጌታ ሲጥል አይቷል።

«አዎ።»

እንድሪስ ወደ መኪናው ጎማ አየ። መንጋጋው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ሌሊቱን ሙሉ ተናደድኩብሽ» አለ። «አሁንም አልለቀቀኝም። እሱን ብታወጪ ምን ነበር አልኩ። ወላሂ እውነቴን ነው። ለሊቀመንበሩ ልጅ ብላ ወንድሟን አልኩ።»

«ለእሱ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ ግን…» እጁን ኪሱ ከተተ። ዛጎሏን አወጣ። «አባ ሸረፈዲን መለሱልኝ። እኔ የምሄድበት አገር የጎርፍ ዕጣ የለም። ያዢያት።»

«እኔ ምን አደርጋታለሁ?»

ሊመልስላት ሲል «ጫን! ጫን!» ተባለ። ዛጎሏን መዳፏ ላይ አድርጎ ጣቶቿን አጠፈላት። መኪናው ሲነሳ አቧራው ሁሉንም ልጅ አንድ መልክ አስመሰለው። የትኛው እንድሪስ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሀጀራ ከፊት ሄደች። ሲቲ ከኋላ። ደጃፉ ላይ ሀጀራ ቆመችና ሳትዞር አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«በእጅሽ ነበረ።»

ከዚያ ወዲህ ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ አትናገርም። ሲቲ ሌሊት እናቷ ስትስል ትሰማለች። ሊወቅሳት የሚመጣ ጎረቤት፣ ሊያመሰግናት የሚመጣም ጎረቤት ነበር። ሁለቱንም መስማት አልቻለችም። ትምህርት ቤት መምህር ታረቀኝ ኮሪደር ላይ አግኝቷት «ሰማሁ» አላት። «ባቄላው ፊት አያይም ብለውን ነበር» አለችው። «አዎ» አለ መምህሩ፣ «ክፋቱም እሱ ነው።»

ደብዳቤ አልመጣም።

*

ደጋው የጠቆረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ንፋሱ ዝናብ ዝናብ ሸተተ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከተራራው ሥር፣ እንደ ብዙ ከብት ግልቢያ ያለ ድምፅ ተሰማ። መንደሩ ሁሉ «ጎርፍ! ጎርፍ!» እያለ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ።

ሲቲ ደብተሯን ጥላ ተነሳች። ማሳቸው ከቦዩ ጫፍ ነው። ተራ ካልደረሳቸው ውሃው ከላይ ባሉት ያልቅና ዘንድሮም እንደ አምናው ማሳው ደርቆ ይቀራል። ዕጣ የሚጥልላቸው ወንድ ግን ቤቱ ውስጥ የለም።

ሀጀራ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ልጇን አየቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ የእንድሪስን ዶማ ከግድግዳው አነሳችና አቀበለቻት።

የቦዩ አፍ ላይ አባ ሸረፈዲን ጋቢያቸውን ዘርግተዋል። ወንዶቹ ከበዋል። ካሳው አለ። ሙሉጌታም አለ። አውጪው ከአፋር በኩል ጨው ይዞ የመጣ ግመል ነጂ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጠጠር ወደቀ፣ አገዳ ወደቀ፣ በጠጥ ወደቀ። የጣለ ሁሉ ፊቱን እያዞረ ዞር አለ።

ሲቲ ከወንዶቹ መካከል ገባች። የጎርፉ ድምፅ እየቀረበ ነው። መሬቱ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል።

«ይህች ደግሞ ምን ትሠራለች?» አለ አንዱ።

«ሴት ዕጣ የላትም እኮ» አለ ሌላው። ካሳው አፉን ከፈተና ሙሉጌታን ሲያየው ተወው።

አባ ሸረፈዲን ቀና ብለው አዩዋት። ጋቢውን ለመሰብሰብ የጀመሩት እጆቻቸው ባሉበት ቆሙ።

ሲቲ መዳፏን ከፈተች። ዛጎሏን ከጠጠሩና ከአገዳው መካከል ጣለቻት።

ከዚያ እንደ ሁሉም ፊቷን አዞረች።